ከጋምቤላ ጅግጅጋ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ራሳችሁ አስሉት

አዲስ አበባ ዳር የሚኖር ሰው ደመወዝ የሌለው የጉዞ ወኪል ነው። ወንድም ጋምቤላ ይሠራል። እህት ጅግጅጋ አግብታለች። የአክስት ልጅ መቀሌ ይማራል። ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ ሁሉም በቦሌ ነው የሚያልፈው፣ ስልኩ የሚጮኸው ግን እኛ ጋ ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ። "ከዚህ ተነስቼ እዚያ ስንት ሰዓት እደርሳለሁ?" ይሉናል። እኛም ጎግል ላይ እንጽፋለን፣ አንዱ የርቀት ማስያ ገጽ "1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ" ይለናል፣ እሱኑ እንደወረደ እንነግራቸዋለን። ሰውየውም ጠዋት ከጋምቤላ ተነስቼ ለምሳ ጅግጅጋ ነኝ ብሎ ሰርገኛ ያስጠብቃል።

ገጹ አልዋሸም። ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር አገናኘ፣ ርቀቱን ለጄት በሚሆን ፍጥነት አካፈለ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨመረበት። በረራው ይኑር አይኑር ግን የእሱ ጉዳይ አይደለም። እዚህ አገር ከአንድ የክልል ከተማ ወደ ሌላው የሚበር ሰው፣ ከጥቂት መስመሮች በቀር፣ ቦሌ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ቦሌ ከሁለቱ ከተሞች አንጻር የት ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ስልክና ካልኩሌተር ይበቃል። ጎበዝ የሂሳብ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፣ የስምንተኛ ክፍሏን የፓይታጎረስ ነገር ትንሽ ማስታወስ ነው።

አንድ፦ ፒኑን ከተማው ላይ አትትከሉ

ጎግል ማፕ ላይ "ጎንደር" ብላችሁ ከጻፋችሁ ፒኑ ከተማው መሃል ይወድቃል። የምትፈልጉት አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ነው። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ አዘዞ ነው ያለው። የመቀሌው አሉላ አባ ነጋ በኩሓ በኩል ነው። የጅግጅጋው ጋራድ ዊልዋል ከከተማው ወጣ ይላል፣ የጋምቤላውም እንዲሁ። በከተማው ስም ሳይሆን በአየር ማረፊያው ስም ፈልጉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለርቀቱ ስሌት አሥር ኪሎ ሜትር ወዲህ ወዲያ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ለተጓዡ ኪስ ግን ያመጣል። ከአየር ማረፊያው እስከ ሰርጉ ቤት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እግረ መንገዳችሁን የምታዩት እዚሁ ላይ ነው፣ ጻፉት፣ በኋላ ይመጣል።

ፒኑ ትክክለኛ ቦታ ላይ ሲሆን ማኮብኮቢያውን ጣታችሁን ሳታነሱ ተጫኑት። ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሆነ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ይበቃል። ለዛሬው ሥራችን የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው፦

ጋምቤላ 8.13 እና 34.56
ቦሌ 8.98 እና 38.80
ጅግጅጋ 9.33 እና 42.91
መቀሌ 13.47 እና 39.53
ጎንደር 12.52 እና 37.43

ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡ። ጋምቤላን ገልብጣችሁ ብትጽፉት ሰሜን አፍሪካ፣ ቱኒዚያ ጠረፍ ላይ ነው የምታገኙት።

ሁለት፦ ቀጥታውን ርቀት አውጡ

እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የትም ብትሄዱ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ደግሞ ምድር ወገብ ላይ 111 ሆኖ ይጀምርና ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋችሁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። በአዲስ አበባ መስመር 110 ያህል ነው፣ በመቀሌና በጎንደር መስመር 108 ያህል ነው፣ ከእነዚያ ወደ ቦሌ ስትወርዱ 109ን ያዙ። አለቀ።

ጋምቤላና ጅግጅጋን እንሥራ። የኬክሮሱ ልዩነት 9.33 ሲቀነስ 8.13፣ 1.20 ነው። በ111 ሲባዛ 133 ኪሎ ሜትር። ይህ ወደ ሰሜን ያለው ነው። የኬንትሮሱ ልዩነት 42.91 ሲቀነስ 34.56፣ 8.35። በ110 ሲባዛ 918 ኪሎ ሜትር ተኩል። ይህ ወደ ምሥራቅ ያለው ነው። አሁን ሁለቱን በየራሳቸው አባዟቸው፣ ደምሯቸው፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። 928 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ካልኩሌተር የማይወድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ጎግል ማፕን ከፍቶ፣ በማውሱ ቀኝ ተጭኖ፣ ርቀት መለኪያውን መርጦ ሁለተኛውን ነጥብ መንካት ይችላል። ስልክ ላይም ፒኑን ተክላችሁ ከታች የሚወጣውን ወደ ላይ ስትጎትቱት መለኪያው አለ። እኔ ግን በእጅ መሥራቱን እመርጣለሁ። ማፑ ቁጥር ብቻ ይሰጣችኋል፣ ስሌቱ ግን መንገዱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሆኑን ያሳያችኋል። ይህችን ያዟት፣ ቀጥሎ የምትሠራው እሷ ናት።

ደግሞ መለኪያውን እዩ። አንዳንድ ገጽ በማይል ይጽፋል፣ አንዳንዱ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ይጽፋል፣ እሱም 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛው 928 ኪሎ ሜትር በማይል 577፣ በኖቲካል ማይል 501 ነው። 501ን ኪሎ ሜትር መስሎት ያነበበ ሰው አገሪቱን በግማሽ አሳጠራት ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለአገር ውስጥ ነው። ለዋሽንግተን ወይም ለጓንዡ አታውሉት፣ ርቀቱ ሲረዝም የመሬት ክብነት ይገባበትና ስሌቱ ይበላሻል።

ሦስት፦ ቦሌን መሃል አስገቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህን ነው። ያንኑ ስሌት ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ አንዴ ከመነሻው እስከ ቦሌ፣ አንዴ ከቦሌ እስከ መድረሻው።

ከጋምቤላ ቦሌ 476 ኪሎ ሜትር ነው። ከቦሌ ጅግጅጋ 454። ድምሩ 930። ቀጥታው 928 ነበር። በቦሌ በኩል መሄድ የጨመረባችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! ማፑን ብታዩት ሦስቱ ከተሞች እንደ ገመድ ተዘርግተዋል፣ ጋምቤላ ምዕራብ ጫፍ፣ ጅግጅጋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቦሌ ቁጭ መሃል።

አሁን የአክስት ልጅን እንውሰድ፣ ከመቀሌ ጎንደር። ቀጥታው 250 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርብ ነው፣ ጎረቤት ማለት ይቻላል። በቦሌ በኩል ሲሆን ግን ከመቀሌ ቦሌ 505፣ ከቦሌ ጎንደር 420፣ በድምሩ 925 ኪሎ ሜትር ይበራል።

እዩት እስቲ። ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ሰውና ከሰሜን ወደ ሰሜን የሚሄደው ሰው አየር ላይ የሚሸፍኑት ርቀት ያው ነው ማለት ይቻላል፣ 930 እና 925። ለዚህ ነው "ቅርብ ናቸው እኮ" የሚለው ነገር በአውሮፕላን የማይሠራው። የመቀሌው ልጅ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ እኛ ሰፈር ላይ ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ሰሜን ይወጣል።

ስለዚህ ለማንኛውም ሁለት ከተማ ይህን አድርጉ። በቦሌ በኩል ያለውን ለቀጥታው አካፍሉ። ለጋምቤላና ጅግጅጋ 1 ይመጣል፤ አውሮፕላን ለዚህ መንገድ ተወዳዳሪ የለውም፣ በመኪና ከጋምቤላ አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ ደግሞ ሌላ ከ600 በላይ። ለመቀሌና ጎንደር 3.7 ይመጣል። ከ2 በላይ ሲሆን ቆም ብላችሁ የመኪናውን መንገድ ጠይቁ፣ እሱም መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ካለፈ ሰው አረጋግጣችሁ ነው። አርባ ምንጭና ጂንካም እንደዚያው ናቸው፣ በአየር ከ120 ኪሎ ሜትር አይበልጡም፣ በቦሌ በኩል ግን 800 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እዚያ መኪና ያዙ፣ ክርክር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ። አንዳንድ ጊዜ አንዱ አውሮፕላን ሁለት የክልል ከተሞችን አያይዞ ይሄዳል። የሰሜኑ የቱሪስት መስመር፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም፣ በዚህ ይታወቅ ነበር። እንዲህ ያለ በረራ በሚፈልጉት ቀን ካለ ስሌቱ ሁሉ ይቀየራል፣ ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የአየር መንገዱ አፕ ላይ ሁለቱን ከተሞች አስገብታችሁ እዩ።

አራት፦ ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት ቀይሩ

የክልል ከተሞች ላይ በብዛት የምታዩት ሁለት ፕሮፔለር ያለው ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ መሬቱ ወለል ብሎ ይታያል፣ እኔ በበኩሌ ከጄቱ ይልቅ እሱን እወዳለሁ። ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁልጊዜ በዚያ አይበርም። ለስሌታችን 600ን ያዙ።

በዚያ ላይ በእያንዳንዱ በረራ 25 ደቂቃ ጨምሩ። ይህች 25 ደቂቃ ከበሩ ተነስቶ እስከ መንደርደሪያው የሚያዘግምባት፣ የሚወጣባት፣ ሲደርስ ተሰልፎ የሚወርድባት ናት። ርቀቱ ቢያጥርም ቢረዝምም እሷ አትቀርም። አጭር በረራ ለርቀቱ ብዙ ጊዜ የሚበላውም በእሷ ምክንያት ነው።

ጋምቤላ ቦሌ፦ 476ን ለ600፣ 48 ደቂቃ፣ ሲደመር 25፣ 1 ሰዓት ከ13።
ቦሌ ጅግጅጋ፦ 454ን ለ600፣ 45 ደቂቃ፣ ሲደመር 25፣ 1 ሰዓት ከ10።
ሁለቱ ሲደመሩ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ።

ለመቀሌና ጎንደር ሥሩት፣ 1 ሰዓት ከ16 እና 1 ሰዓት ከ7፣ ድምሩ ያው 2 ሰዓት ከ23 ይመጣል። ቀጥታ በረራ ቢኖር ግን ጋምቤላ ጅግጅጋ 2 ሰዓት ገደማ፣ መቀሌ ጎንደር 50 ደቂቃ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሰው በቦሌ በማለፉ የከፈለው 25 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ተኩል ከፍሏል።

"ጄት ከመጣልንስ?" የሚል አይጠፋም። ሰው የሚበዛበት መስመር ላይ 737 ይመደባል። በሰዓት 800 ቢሄድ እንኳ 480 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያተርፍላችሁ 12 ደቂቃ ነው፣ እሷንም ሻንጣ ስትጠብቁ ትበሏታላችሁ። ነፋስም እንዲሁ። ክረምት ላይ ከፍታው ላይ የሚነፍሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ወደ ጅግጅጋ ሲሄዱ ከፊት ይመጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን የሚያዘገየው 3 ደቂቃ ነው። እርሱት። ክረምት ላይ የሚያስቸግረው የከሰዓቱ ነጎድጓድና ደመና ነው፣ ያ አውሮፕላኑን መሬት ላይ ሊያቆመው ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚጓዝ ሰው የጠዋቱን በረራ ምረጡለት፣ ወደኋላ ቢገፋ እንኳ ቀኑ አያልቅበትም።

አምስት፦ ቲኬቱን አንብቡ

የቲኬቱ ሰዓት የፈረንጅ ነው። 6 ቀንሱ። 07:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 13:30 ከቀኑ 7 ተኩል ነው። 20:15 ሲሆን 6 ቀንሳችሁ 14:15 ይመጣል፣ ከዚያ 12 ስትቀንሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ። ቀኑም የፈረንጅ ነው። በጥር ሰርግ ወቅት ይህ ብዙ ሰው ያደናብራል፤ ጃንዋሪ 18 የሚለውን ጥር 18 ብሎ የሚያነብ አለ፣ በእኛ ግን በአብዛኛው ዓመት ጥር 10፣ የከተራ ዕለት ነው። ወንድምን "ቲኬቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" በሉት፣ በቃል የነገራችሁን አትመኑ።

የሰዓት ልዩነት አያሳስባችሁ። አገሪቱ በሙሉ በአንድ ሰዓት ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ከመድረሻው ሰዓት መነሻውን ስትቀንሱ የሚመጣው ትክክለኛው ርዝመት ነው። ከእኛ ስሌት ጋር አስተያዩት። አሥር ደቂቃ ወዲህ ወዲያ ከሆነ ልክ ናችሁ። በጣም ከራቀ መሃል ላይ ሌላ ከተማ የሚያርፍ በረራ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ በሁለቱ በረራዎች መሃል ያለው ቆይታ። እንበል ወንድም ቦሌ ላይ 3 ሰዓት ይጠብቃል። ጋምቤላ አየር ማረፊያ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ደርሷል። ጅግጅጋ ሲወርድ ሻንጣና ታክሲ 45 ደቂቃ። ከ2 ሰዓት ከ23 ጋር ስትደምሩት ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ያ ገጽ "1 ሰዓት ከ40" ያለው ጉዞ ማለት ይሄ ነው።

ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት አስቆርጡ። በጣም። በአንድ ቲኬት ከሆነ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩ ላይ ማሳፈር የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን የሁለተኛው ቲኬት ጉዳይ የእናንተው ነው፣ ሻንጣውንም ቦሌ ወርዶ፣ አንስቶ፣ እንደገና ማስገባት አለበት። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ጋምቤላ እያለ እንዲያየው ንገሩት። መጨረሻው ጄአይጄ (JIJ) የሚል ከሆነ እስከ ጅግጅጋ ይሄዳል። ኤዲዲ (ADD) ካለ ቦሌ ይወርዳል፣ እዚያው ይጠይቅ።

ዋጋውን አፑ ላይ እዩት፣ በየቀኑ ይለያያል። ቦታ ይዛችሁ ክፍያውን ከቆያችሁ ግን ቀነ ገደቡ ያልፍና ይሰረዛል፣ በባንክም በቴሌብርም ቢሆን በጊዜ ክፈሉ። ተጓዡ ያልታደሰ መታወቂያ ይዞ እንዳይመጣም አስታውሱት።

ስድስት፦ የእኛ ሰፈር ጣጣ

ከዳር የሚነሳ ሰው ከሆነ፣ ማለትም እናንተው ወይም እናንተ ጋ ያደረ እንግዳ፣ ከቤት እስከ ቦሌ ያለው ነገር ከበረራው ሊበልጥ ይችላል። 454 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ10 ይበራል፤ ከሰንዳፋ ቦሌ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላው ጠዋት ላይ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ወደኋላ ቁጠሩ። በረራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተርሚናል መድረስ ነው። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ብዙ ይመስላል፣ ግን በሩ ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ አለ፣ ጫማ ማውለቅ አለ፣ ከዚያ ቼክ ኢን፣ ከዚያ ሌላ ፍተሻ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ስለሆነ ከሰንዳፋ በአንድ ሰዓት ይገባል፣ 10 ሰዓት ላይ መነሳት ይበቃል። በረራው 3 ተኩል ላይ ከሆነስ? 1 ተኩል ተርሚናል ለመድረስ ከ11 ተኩል በኋላ መነሳት የለበትም፣ ምክንያቱም ለገጣፎን አልፎ ሲኤምሲ ሲደርስ መገናኛ ድረስ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ሌሊቱ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ለመንገዱ ይሻላል።

ሱሉልታ ያላችሁ የእንጦጦን ቁልቁለት ከጭነት መኪናና ከጭጋግ ጋር ወርዳችሁ በአዲሱ ገበያ ነው የምትገቡት፣ ክረምት ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ሰበታ ያላችሁ አለም ገናን አልፋችሁ አየር ጤና ጋ ነው ፈተናው። ቡራዩ ያላችሁ አስኮ። ኮዬ ፈጬ በአየር ብትለኩት ለቦሌ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን ዞሮ ነው፣ ስለዚህ "እዚሁ ነኝ" ብላችሁ አትዘናጉ። በየሰፈራችሁ አንድ ቀን፣ በምትነሱበት ሰዓት፣ ማፑ ስንት እንደሚል እዩና ሩቡን ጨምሩበት።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ራይድ እጠራለሁ ማለት ደግሞ ዳር ሰፈር ላይ ቁማር ነው። ይቀበልና አድራሻውን ሲያይ ይሰርዛል። የሰፈር ደንበኛ ሹፌር ማታውኑ አናግሩ፣ ዋጋውን ተስማሙ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ደውሉለት። ለሹፌሩም የአገር ውስጥ ተርሚናል ብላችሁ ንገሩት። ዝም ካላችሁት የውጭ መንገደኞች በር ላይ ሊያወርዳችሁ ይችላል፣ ሻንጣ እየጎተቱ መሮጥ ይመጣል።

ሰባት፦ እንግዳው ቤት ይምጣ ወይስ ቦሌ ይቆይ?

በዚህ ጉዳይ ከእናቶች ጋር መጣላት አለ። ልጁ ቦሌ ደርሶ ቤት ሳይገባ እንዴት ያልፋል! ዶሮው ተሠርቷል። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው። ከቆይታው ላይ የደርሶ መልስ መንገዱን ቀንሱ፣ ለቀጣዩ በረራ ቀድሞ መገኛ 2 ሰዓት ቀንሱ፣ ከአውሮፕላን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ቀንሱ። የቀረው ቤት የሚቀመጥበት ነው።

ቆይታው 6 ሰዓት፣ ቤቱ ሰንዳፋ ከሆነ፦ 6 ሲቀነስ 3፣ ሲቀነስ 2፣ ሲቀነስ ግማሽ። ግማሽ ሰዓት ይቀራል። አቦሉ ሳይወርድ ይነሳል ማለት ነው። ከ8 ሰዓት በታች ከሆነ ወደ ሰንዳፋ አትጎትቱት። ለኮዬ ፈጬ ወይም ለቦሌ አራብሳ ሰው፣ መንገዱ ለአንድ ጉዞ 40 ደቂቃ ከሆነ፣ 6 ሰዓት ይበቃል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ ይጨዋወታል።

የማይበቃ ከሆነ እናንተ ሂዱ። ሻንጣው እስከ መጨረሻው የሚሄድ ከሆነ ባዶ እጁን ይወጣል፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ምሳ በልታችሁ ትመልሱታላችሁ። ዶሮውን በሰታቴ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ብቻ፣ ለእሱ ሌላ ቀን አለው። ቤት የተጋገረ ዳቦ ጠቅልሎ መስጠት ይቻላል። ማርና ቅቤ ከሆነ ግን በእጅ ሻንጣ ፍተሻው ላይ ያስይዘዋል፣ በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚገባው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ሄዷል።

ቀጣዩ በረራ በማግስቱ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ እናንተ ጋ ያድራል። ለጋምቤላው ሰው ግን ጃኬት ይዘህ ና በሉት። ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ነው 2,334 ሜትር ላይ ያለችው ቦሌ የሚያርፈው፣ ሰንዳፋና ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። በሸሚዝ የመጣ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ታክሲ ሲጠብቅ ይበርደዋል።

ይህን ሁሉ ስትጨርሱ ውጤቱን ለወንድምም ለሰርገኛውም በአንድ መልእክት ቴሌግራም ላይ ላኩት፣ በየስልኩ ደጋግማችሁ እንዳታወሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ሐሙስ ጥር 10። ጋምቤላ አየር ማረፊያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተገኝ። በረራ 5 ተኩል፣ ቦሌ 6 ከ45። አትውጣ፣ ምሳ እዚያው ብላ። ሁለተኛው በረራ 9 ከ45፣ ጅግጅጋ 11 ሰዓት ገደማ። ቤት 11 ከ45። ሻንጣህ ላይ ጄአይጄ የሚለውን እይ። ጃኬት።" ለጅግጅጋዋ እህት ደግሞ ሰውየው ለምሳ ሳይሆን ለእራት እንደሚደርስ ለብቻ ደውላችሁ ንገሯት።